በግራ የምትከፈተው ካራቫን

ከኋላችን የምንጎትታት ካራቫን በሯ በተሳሳተው ጎን መሆኑን ያስተዋልኩት ባሌ ይሠራበት የነበረውን ካምፕ ለቅቀን ጥርጊያውን መንገድ ከያዝን በኋላ ነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ በላንድሮቨሩ የጎን መስታወት ነጩ ግድግዳዋ ታየኝ፤ ትንሿ በሯም በሾፌሩ በኩል፣ በግራ። እኛ አገር መኪና ቀኙን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ሰውም የሚወርደው ወደ ቀኝ፣ ወደ ዳር ነው። ይህቺ ግን ግራውን ይዘው ከሚነዱበት አገር የመጣች ስለሆነች በሯ ወደ መንገዱ መሀል ይከፈታል። ጠዋት ስንት ጊዜ ዙሪያዋን ዞሬ ብሎኗን ስነካካ፣ ጎማዋን ስረግጥ፣ መስኮቷን ስገፋ ይህን አላየሁም።

«ገረመው፣ በሩ በግራ ነው» አልኩት።

«እና?»

«እናማ ግቢያችን ስትገባ በግራ በኩል ያለው የእማማ ወለተማርያም ግንብ ነው። በሩ ግንብ ላይ ሊከፈት ነው?»

ባሌ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። «እሱ ቀላል ነው፤ ኋላዋን አስቀድመን እናስገባታለን። አንቺ ብቻ ስንደርስ አስታውሺኝ።»

በወዲያ በኩል የተቀመጠው ሙክታር ሳቀ። ላንድሮቨሩ የእሱ ነው። መርካቶ የመኪና ዕቃ ይነግዳል፤ ከገረመው ጋር ወንድማማች እንደማለት ናቸው። «እትዬ፣ ገና ሸኖ ሳንደርስ በሩን ልትቆልፊው ነው?» አለኝ።

እኔ ክፉውን አስቀድሞ ማየት ልማዴ ነው። ልጆቼ «እማዬ ደመና ሳይመጣ ትበሰብሳለች» ይሉኛል። ይበሉ። ያን ዕለት ግን የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሣባ የት ትተኛለች የሚለውን።

የምንኖረው ቦሌ፣ ከአንድ ትልቅ ቪላ ጀርባ ባለች የቀበሌ ቤት ነው። አንድ ክፍል ነች። በመጋረጃ ከፍለናት እኔና ገረመው በዚህ፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ በዚያ እንተኛለን። የመጀመሪያ ልጄ ሣባ አግብታ ወጥታ ነበር። ባሏ ዘርአጽዮን መምህር ነው፤ ገበሬውን ነቅሎ በአንድ ቦታ ለሚያሰፍረው የመንደር ምሥረታ ዘመቻ ወደ ባሌ ክፍለ ሀገር ሲላክ የተከራዩትን ቤት ለቃ ወደ እኛ ተመለሰች። ወሯ ገብቷል። ዛሬ ነገ የምትወልድ ልጅ ከወንድሞቿ አልጋ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ትተኛለች። ማታ መብራቱ ሲጠፋ አንዱ ውሃ ሊጠጣ ተነሥቶ አራሱን ልጅ ሲረግጠው ይታየኛል፤ ገና ያልተወለደውን።

ካራቫኗን ያገኘናት በገረመው ሥራ ነው። ከሸኖ ገባ ብሎ የውሃ ጉድጓድ ለሚቆፍሩ ፈረንጆች ሾፌር ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄዱ አለቃው የሚተኛባትን ካራቫን ማኅተም ባለበት ወረቀት ሰጠው። ቀላል ነች፤ ከእንጨትና ከስስ ቆርቆሮ የተሠራች፣ በሁለት ጎማ የምትሄድ፣ በመኪና የምትጎተት። ውስጧ አልጋ፣ ትንሽ ምድጃና መጋረጃ ያለው መስኮት አላት። ገረመው ስለ እሷ ሲያወራ ሣባ እንደ ልጅ አፏን ከፍታ ትሰማው ነበር። እኔ ደግሞ የምሰማው ሌላ ነገር ነው፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ካሳዬ ያለንን።

ጓድ ካሳዬ ቀድሞ ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁንም ሰው ሲያናግር ዓይኑ ኮሌታ ላይ ነው። ልናስፈቅድ ስንሄድ «የቀበሌ ቤት ያለው ሰው ሁለተኛ ቤት ሊኖረው አይችልም» አለን። «ካራቫን የሚባለውን ግን ሳላይ አልወስንም። ቤት ማለት የማይንቀሳቀስ ንብረት ነው። ጎማ ካለው ተሽከርካሪ ነው፤ ጎማው ወልቆ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ቤት ነው። ቤት ከሆነ ደግሞ ወይ እሱን ወይ ክፍሉን ታስረክባላችሁ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጎማ ዘበኛ ሆንኩ። ካምፑ ስንደርስ ካራቫኗ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ጎማዎቿ ወልቀው መጋዘን ውስጥ ነበሩ። ገረመው እንደዚያ ያደረጋት ሊንከባከባት ብሎ ነው፤ ቆሞ የሚውል ጎማ ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ ከሥሯ የሚሸከማት ባሌስትራም ክብደት ሲበዛበት ይጎብጣል ይላል። እኔ ግን ሳያት የታየኝ ጓድ ካሳዬ ነው። ቤት ነበረች። ዶሮ እንኳ ከሥሯ ጥላ ይዛ ተኝታለች። ጎማዎቹ እስኪገጠሙ ድረስ ቁጭ አላልኩም።

ጥርጊያው መንገድ ድንጋይ ብቻ ነው። ገረመው በቀስታ ይነዳል፤ ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል፣ አንዱን ጎማ ያስገባል፣ ያወጣል፣ ከዚያ ሌላውን። ከባድ ከባዱን ዕቃ ከጎማው በላይ፣ ጥቂት ወደ ፊት አድርጎ ጭኖታል። «ክብደቱ ወደ ኋላ ከሆነ ጅራቷን እንደ በግ ትወዘውዛለች፣ እኛንም ይዛን ገደል ትገባለች» አለ። ይህን ባይነግረኝ ይሻል ነበር። ቁም ሣጥኖቹን በገመድ አሥሯል። እንደዚያም ሆኖ ከኋላችን የሚሰማው ድምፅ ሳህን የተሸከመ ሰው ደረጃ ላይ ሲንከባለል ይመስላል።

ቁልቁለት በጨረስን ቁጥር ይወርድና የእጁን ጀርባ ጎማው መሀል ላይ ያሳርፋል። ጎማውን የሚያዞረው ኩሽኔታ ሞቆ እንደሆነ የሚያውቀው በዚህ ነው፤ እጅ የማያስችል ከሆነ ግሪሱ አልቋል ማለት ነው። እኔም ተከትዬ እወርድና እነካለሁ። «ሞቋል» እላለሁ። «ሞቅ ብሏል እንጂ አልሞቀም» ይለኛል። ሙክታር ደግሞ «እናንተ ሰዎች ትኩሳቷን በብብቷ ለኩት» እያለ ይስቅብናል።

ዋናው አስፋልት ከሩቅ መታየት ሲጀምር ነው የፈነዳው። ጧ ሲል ጥይት መሰለኝና ጎንበስ አልኩ። ቀና ስል ካራቫኗ በቀኝ ጎኗ ተቀምጣለች፤ እንደ ደከማት ሴት።

ገረመው ወርዶ ጎማውን አየ፣ ከዚያ ሰማዩን አየ። በውስጡ ያለው ከመነዳሪ እንደ አሮጌ ካልሲ ተተርትሯል። የውጪው ጎማ ጎኑ ላይ ትንሽ ተሰንጥቋል እንጂ አልተለያየም። መለዋወጫ የለንም፤ ጎማዋ ትንሽ ስለሆነ የላንድሮቨሩ አይገጥማትም።

«እዚሁ እንተዋት» አለ ሙክታር። «ሰኞ መርካቶ ፈልጌ አመጣለሁ።»

«ሰኞ ስትመጣ የምታገኘው መጋረጃውን ነው፤ እሱንም ካስተረፉልህ» አልኩት።

ገረመው ጭንቅላቱን አከከ። «ጎማውን አውልቀን እንጨት ከሥሯ አሥረን እንደ ሸርተቴ መጎተት ይቻላል። ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ አንድ ጊዜ እንደዚያ አድርገው ነበር።»

«ጎማውን አውልቀን?» ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «ጓድ ካሳዬ በአንድ ጎማ ስትገባ ካያት አለቀ! ያለ ጎማ ከገባች ቤት ናት። ሣባን ምን ልላት ነው?»

ንፋስ ተነሣ፤ አንድ ሁለት የዝናብ ጠብታም ጣለ። ከዚያ ሙክታር ከመንገዱ ማዶ ያለውን የጭድ ክምር እያየ «አጎቴ የቡታጅራ መንገድ ሾፌር ነበር» አለ። «ከመነዳሪ ሲያልቅበት ጎማውን ሣር ያጎርሰው ነበር።»

«ደረሰለት?»

«አንዳንዴ።»

የክምሩ ባለቤት ሽማግሌ ገበሬ ናቸው። ሙክታር ሄዶ ሲለምናቸው ለከብት መስሏቸው «ስንት ናቸው?» አሉት። «አንዲት ነጭ ላም ነች አባባ፤ እዚያ ጋ ተኝታለች» አላቸው። መጥተው አዩዋትና ሳቁ፤ በሁለት እጃቸው አቅፈው አመጡልን። ጎማው ውስጥ ጭዱን በብረት እየጠቀጠቅን፣ ውሃ እያርከፈከፍን፣ እንደገና እየጠቀጠቅን ሞላነው። ጣቶቼ ደሙ። ገረመው በክሪክ አንሥቶ ሲገጥመው ጎማው አበጥ አለ እንጂ ክብ አልሆነም። ካራቫኗ ቆመች፤ ግን ወደ ቀኝ ዘምማ።

«በል እንግዲህ» አለ ሙክታር። «ላንድሮቨሩ ቤንዚን ይጠጣል፣ እሷ ጭድ ትብላ።»

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አላልቅ አለኝ። ሜዳው ላይ ትንሽ እንፈጥናለን እንጂ ዳገት ላይ ከሰው እርምጃ አንበልጥም። ሰንዳፋን ስናልፍ አህያ የጫኑ ሴቶች ቀድመውን ሄዱ፤ አንዷ ዞር ብላ «እናድርስላችሁ?» አለችን። ጎማው ሲግል የተቃጠለ ሣር ይሸታል፤ እንቆምና ውሃ እናፈስበታለን፤ እንፋሎቱ እስኪበርድ እንጠብቃለን። ዳገት ሲሆን እኔ ወርጄ ከኋላ በእግሬ እከተላለሁ፤ ከተሰነጠቀው ጎን የሚወጣውን ጭድ ለማየት። ባየውስ ምን አደርጋለሁ? ግን ካላየሁት ይብሳል።

ከተማው መግቢያ ላይ ያለው ኬላ አስቆመን። አንድ ወጣት ወታደር ይለፋችንን አየና «ውስጧን ክፈቱ» አለ። በሩ በግራ ስለሆነ መሀል አስፋልት ላይ ቆሞ ከፈተው። ያን ጊዜ አንድ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ መጣ። ገረመው የወታደሩን ቀበቶ ይዞ ሳበው፤ እኔ በሩን ወርውሬ ዘጋሁት። መኪናው ጎናችንን እየታከከ አለፈ።

ወታደሩ የወደቀ ቆቡን አነሣ። «ማነው በር እዚህ ያደረገው?» ብሎ ጮኸብን።

«ፈረንጅ ነው፣ ጌታው» አለ ሙክታር።

«ሂዱ! ሂዱልኝ ከዚህ!» ፍተሻው በዚሁ አለቀ። እኔ ግን ላምበረት እስክንደርስ ዓይኔን ከጎን መስታወቱ አልነቀልኩም። አንድ የተሳሳተ በር በአንድ ቀን ስንት ሰው ሊያስጨርስ ነው?

ከላምበረት በገርጂ አቋርጠን ገባን፤ ጭቃና ኮረት የበዛበት መንገድ ነው፣ አውሮፕላን ሲያርፍ ጣሪያው ሁሉ የሚንቀጠቀጥበት። ሰፈራችን ስንደርስ ሊመሽ ነው፤ ዝናቡም ጠብ ጠብ ማለቱን ትቶ በደንብ ጀምሯል። ጎማው ከሆዱ ጭድ እየተፋ ነው። ገረመው ካራቫኗን ከላንድሮቨሩ ፈታ፤ ወንዶች ልጆቼ ወጡ፤ ሁላችንም እየተጣራን፣ እየተቆጣን፣ «ሳትወድቅ! ቶሎ በሉ!» እየተባባልን ገፋናት። የግቢውን በር አልፋ፣ በቤታችንና በእማማ ወለተማርያም ግንብ መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ ቁጭ ስትል «ተመስገን» አልኩ።

ሣባ ትራስ ታቅፋ ከቤት ወጣች። ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ካራቫኗን ዳበሰቻት፤ በዚህ ጎን ሄደች፣ ተመለሰች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«እማዬ፣ በየት ነው የሚገባው?»

ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ስጋት። አስታውሺኝ ብሎኝ ነበር፤ ኬላው ላይ እንኳ በሩ በዓይኔ ሲዞር ነበር። የሚያስፈልግበት ጊዜ ሲደርስ ከአእምሮዬ ጠፋ። ገረመው በግንቡና በካራቫኗ መሀል እጁን ሰደደና በሩን ሳበው። አንድ ስንዝር ተከፍቶ ግንቡን ነካ።

«በመስኮት ልግባ?» አለች ሣባ። ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ሳቁ ተለውጦ ዓይኗ እንባ ሞላ። ትራሱን አልለቀቀችም።

ጓድ ካሳዬ የመጣው ይህን ጊዜ ነው፤ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ፣ ካኪውን እስከ አንገቱ ቆልፎ።

«መጣች?» አለ። «ገብቼ ልያት።»

ራሱ ሄዶ በሩን ሳበ፤ ክንዱን እስከ ትከሻው አስገባ፤ ከዚያ በላይ አልሆነለትም። «ይህ ምን ዓይነት ቤት ነው፣ መግቢያ የሌለው?»

«ቤት ስላልሆነች ነዋ፣ ጓድ!» አለ ሙክታር።

«ቀልዱን ተወው። ውስጡን ሳላይ አልወስንም። ዛሬ ካልወሰንኩ ለነገው ስብሰባ አቀርበዋለሁ፤ ሕዝቡ ይወስን።»

ስብሰባ! በቀበሌያችን ቤት የሌለው ስንት ሰው ነው? አልጋና መስኮት ያላት ባዶ ነገር ቦሌ ውስጥ ቆማለች ከተባለ ማን እጁን የማያወጣ አለ?

«አሁኑኑ እናዙራት» አልኩ። «ወደ መንገዱ እናውጣትና ኋላዋን አስቀድመን እናስገባት።»

«በዚህ ጎማ?» አለ ገረመው። ፊቱን አየሁት፤ ሰውነቱ ሁሉ አልቋል። ግን ሣባን አየና ካፖርቱን አወለቀ።

ሣባን ከቤቱ ታዛ ሥር አስቀመጥናት። ካራቫኗን ወደ ኋላ ወደ መንገዱ ሳብናት። መንገዳችን ወደ ቦዩ ያዘቀዝቃል። ገረመው መጎተቻ ምሰሶዋን ይዞ ሲያዞራት፣ ልጆቼና ሙክታር ከጎን ሲገፉ፣ እኔ ከፊት ከፊት ድንጋይ ሳነሣ፣ ጓድ ካሳዬ ከጃንጥላው ሥር ሆኖ «ወደ ቀኝ! ትንሽ ወደ ቀኝ!» ይላል። ግማሽ ዞራ ስትመጣ የጭዱ ጎማ ጭቃው ውስጥ ሰጠመ፤ ካራቫኗ ተወላከፈችና ወደ ቦዩ መንሸራተት ጀመረች።

«ጓድ! ያዛት! ያዛት!» አለ ሙክታር።

ጓድ ካሳዬ ጃንጥላውን ወርውሮ በትከሻው ገባባት። እግሩ ጭቃው ውስጥ ተንሸራተተ፤ በጉልበቱ ቆመ፤ ግን ያዛት። «ግፉ!» ብሎ ጮኸ። «ምን ቆማችኋል? ግፉ እንጂ!»

እማማ ወለተማርያም ጫጫታውን ሰምተው ነጠላቸውን ተከናንበው በራፋቸው ላይ ብቅ አሉ። ከሰፈሩ ማንንም የማይፈሩ ሴት ናቸው። ጎረቤቱም በየበሩ ወጥቷል።

«አንተ ካሳዬ፣ ምን እየሠራህ ነው በዚህ ዝናብ?»

«አይታይዎትም እንዴ እማማ? እያዞርን ነው!»

«ምኑን?»

«ካራቫኗን! በሉ ግፏት!»

ዞረች። ኋላዋን አስቀድመን፣ በአንድ ትንፋሽ አስገባናት። በሩ አሁን ወደ ቤታችን ሆነ፤ ሣባ ከተቀመጠችበት ታዛ ጥቂት እርምጃ ነው። ጓድ ካሳዬ ጫማውን እንኳ ሳይጠርግ ገባና አልጋው ላይ ቁጭ አለ። ቁና ቁና ይተነፍሳል። እኔና ሙክታር በሩ ላይ ቆምን። መጋረጃውን ያዝ አድርጎ ጠርዙን ገለበጠና ስፌቱን አየ።

«ጥሩ እጅ ነው» አለ ለራሱ። ከዚያ ዙሪያውን ተመለከተ። «አልጋ አለው። መጋረጃ አለው። ምድጃ አለው። ወይዘሮ የሻሽወርቅ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ይህ ቤት ነው።»

ጠብቄው የነበረ ነገር ነው። የበሩን መቃን ያዝኩ።

«መጋረጃ እኮ አውቶቡስም አለው፣ ጓድ» አለ ሙክታር።

«አልጋስ?»

«አምቡላንስ።»

«ምድጃስ?»

ሙክታር ምድጃውን ዘለለው። «ጓድ፣ ቤት የማይንቀሳቀስ ነው ያልከው አንተው ነህ። እንኳን ይህቺ፣ በዘመቻው የገበሬው ቤት ራሱ ተነቅሎ…»

በጫማዬ ተረከዝ እግሩን ረገጥኩት። አማቼ ዘርአጽዮን ባሌ ክፍለ ሀገር የሚውለው እዚያው ሥራ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀልድ ከዚህ ግቢ ወጥቶ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ጓድ ካሳዬ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ምን አልክ?» አለው።

ያዳነን የእማማ ወለተማርያም ድምፅ ነው። ከግንቡ ወዲያ ሆነው «ካሳዬ!» አሉ። «ቤት ነው ስትል ሰማሁህ ልበል? አሁን እኔ በዓይኔ ያየሁህ ቤት በትከሻህ ስትገፋ ነው? እንዲህ ከሆነማ ነገ ና የእኔንም አዙርልኝ፤ በሬ ወደ ነፋስ ሆኖ በሽታ ጨረሰኝ!»

በየበሩ የቆመው ጎረቤት ሳቀ። አንዱ «የእኔንም!» አለ፤ ሌላው «የእኔን ወደ አስፋልት ዳር!» አለ። ጓድ ካሳዬ ጭቃ የለበሰውን ጉልበቱን አየ፣ ትከሻውንም። ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። ግን የደከመው ሰው ነው። ዓይኑ በእኔ አልፎ ታዛው ሥር ትራስ ታቅፋ ወደተቀመጠችው ሣባ ሄደ፤ እዚያ ቆየ።

«እሺ» አለ። «ተሽከርካሪ ናት። ግን ጎማዋ ይወልቅና! ከሥሯ አንድ ድንጋይ ይግባና! በፈለግኩ ጊዜ መጥቼ አያለሁ። ድንጋይ ላይ ያየኋት ዕለት ቤት ናት፤ ያን ቀን ለእኔ እንዳታለቅሱ።»

ሲወጣ ጃንጥላውን ልጄ አቀበለው፤ አንዱ ሽቦ ተሰብሯል። ሣባ አጠገብ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «በሰላም ተገላገይ» አላት።

ሙክታር ላንድሮቨሩን አስነሥቶ ሄደ። ሣባን አስገብተን አልጋውን አነጠፍንላት። ሁለት እግሯን ዘርግታ ስትጋደም ከአፏ የወጣውን ትንፋሽ ከውጭ ሰማሁት። እኔ ግን ደስ ለማለት እንኳ አቅም አልነበረኝም። ገና ሚያዝያ ነው፣ የሰኔው ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ያፈስ ይሆን፣ ሌባ ቢመጣ ይህ ስስ ግድግዳ ምን ያቆመዋል እያልኩ ነበር።

«ቆልፊው ልጄ» አለ ገረመው።

አልቆለፍ አለ። መንገዱ አናግቷት፣ የጭዱም ጎማ ይበልጥ ተጨፍልቆ፣ ካራቫኗ ወደ አንድ ጎን ዘምማለች፤ መቃኑ ተጣሞ የቁልፉ ምላስ ቀዳዳው ጋ አይደርስም። በሩ በራሱ ይከፈታል። ገረመው በትከሻው ገፋው፤ ሲለቀው ተመልሶ ተከፈተ። ጨለማው ውስጥ ሄደና ጠፍጣፋ ድንጋይ ይዞ መጣ። ከዘመመው ጎን ሥር ሊያስገባ ጎንበስ አለ።

«ገረመው!»

ቆመ። ድንጋዩን እያየ «ለዛሬ ማታ ብቻ» አለ። «ጠዋት አወጣዋለሁ።»

«ጠዋት ሳታወጣው ቢመጣስ?»

ድንጋዩን አስቀመጠ። ዝናቡ ውስጥ ቆመን ካራቫኗን አየናት። የጭዱን ጎማ ከፍ ማድረግ አይቻልም፤ ጭድ አይነፋም። ያን ጊዜ ነው ሌላው ጎማ ትዝ ያለኝ፤ ደህናው፣ እስከ አፉ የተነፋው፣ ቀኑን ሙሉ ስጸልይለት የዋልኩት። እሱን ግን ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

ጭቃው ላይ ተንበረከክኩ። ከፀጉሬ ሽቦ አውጥቼ የአየር ማስገቢያውን ተጫንኩት። ስስስ አለ። የደረቴ ትንፋሽ አብሮ የሚወጣ መሰለኝ። ነገ እንደገና መንፋት አለበት፤ ከዚያም በየሳምንቱ፣ ጎሚስታ ጋ መሄድ፣ ከመነዳሪ መፈለግ፣ ግሪስ መቀባት፣ ፀሐይ እንዳይሰነጥቀው ጆንያ ማልበስ። ይህን ሁሉ እያሰብኩ ተጫንኩ።

«ሞክሪ» አልኩ።

«አልደረሰም፣ እማዬ» አለች ከውስጥ።

ትንሽ ጨመርኩ። ካራቫኗ ቀስ ብላ ወደ እኔ አዘነበለች።

«አሁንስ?»

«ቆይ… ገና ነው። ትንሽ ብቻ።»

ሽቦውን አንዴ ተጭኜ ለቀቅኩ። ሁለቱም ጎማዎች እኩል ተጨፍልቀው፣ እኩል ደክመው መሬቱ ላይ ተቀመጡ። ገረመው በሩን በመዳፉ ደገፈ። ውስጥ ሣባ እግሯን እየጎተተች መጣች፤ ቁልፉን ያዘች፤ አንድ ጊዜ ዞሮ፣ ቀጭ ብሎ ገባ።

ገረመው እጁን ከበሩ አነሣ። በሩ ባለበት ቀረ።